«ዝም ያለች ጨዋ ልጅ ናት»፦ ከኤች አይ ቪ መድኃኒት ጎን ለጎን የሕፃናት አእምሮ የሚፈልገው ነገር

 

ስለ ኤች አይ ቪ ስናወራ ወሬው ሁሉ ምርመራ፣ መድኃኒትና ቫይራል ሎድ ነው። ስለ ልጅ አስተዳደግ ስናወራ ደግሞ ምግብ፣ ክትባትና ትምህርት ቤት። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ግን ብዙም አናነሳውም። የዛሬው ትምህርታችን እዚያ ላይ ነው፦ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሕፃን፣ ወይም ቫይረሱ ካለባት እናት ተወልዶ ነጻ የሆነ ሕፃን፣ አእምሮው በደንብ እንዲያድግ ምን ያስፈልገዋል?

መልሱን መጀመሪያ ባጭሩ ልንገራችሁ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ይቆጣጠራል። አእምሮው እንዲያድግ ግን የሚያወራው፣ የሚያጫውተው፣ ሲስቅ አብሮት የሚስቅ ሰው ያስፈልገዋል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡና እየጠጣችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ይህን ርዕስ ለምን አነሳሁት?

የምሠራው ቦንጋ ነው። ካፋን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በቡናው ነው። እውነትም ቡና ጫካ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚበቅልበት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌርነት የመዘገበው ለምለም አገር ነው። ክትትል ላይ ላለች እናት ግን ይሄ ልምላሜ ሌላ ትርጉም አለው። የዝናቡ ወራት ብዙ ናቸው። ከገጠር ቀበሌ እስከ ዋናው መንገድ ጭቃ ነው፤ ሞተር ሳይክል ካልተገኘ ልጅ አዝሎ በእግር ነው። ቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ የዓመቱ ገንዘብ ያለው እዚያ ስለሆነ ቀጠሮ ይዘለላል። ይባስ ብሎ አንዳንዷ እናት አጠገቧ ጤና ጣቢያ እያለ «ሰው ያየኛል» ብላ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዳ መድኃኒት ትወስዳለች።

እንዲህ ተደክሞ የተመጣበት ቀጠሮ ላይ ምን ይሠራል? ክብደት ይለካል፣ «መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጪዋለሽ?» ይባላል፣ መድኃኒቱ ይሰጣል፣ ቀጣዩ ቀን ይጻፋል። ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያው ጥቂት ነው፤ በብዙ ታዳጊ አገሮች ያለ ክሊኒክ ከዚህ ብዙም አይለይም። «ልጁ ያወራል ወይ? ምን ይጫወታል? ከማን ጋር ይውላል?» የሚለው ጥያቄ ግን ጊዜ ሲያጥር ቀድሞ የሚቀረው እሱ ነው።

ቫይረሱ አእምሮ ላይ ምን ያደርጋል?

የሕፃን አእምሮ የሚያድግበት ፍጥነት ይገርማል። በሁለተኛ ልደቱ አካባቢ የአዋቂን አእምሮ መጠን 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በእነዚህ ወራት የአእምሮ ሴሎች እርስ በርስ እየተገናኙ መስመር ይዘረጋሉ። ልጁ የሚሰማው ድምፅ፣ የሚያየው ፊት፣ የሚነካው ነገር ሁሉ መስመሩን ያጠነክረዋል። ጥቅም ላይ ያልዋለው መስመር ደግሞ እየደከመ ይሄዳል።

ኤች አይ ቪ ወደ አእምሮ የሚገባው ገና በጊዜ ነው። እዚያ ሲደርስ በአብዛኛው የሚያጠቃው የአእምሮን የመከላከያ ሴሎች ነው፤ የሚፈጠረው ብግነት ደግሞ ዋናዎቹን የነርቭ ሴሎች ይጎዳል። መድኃኒት ባልጀመረ ሕፃን ላይ የጭንቅላት መጠን እንደሚጠበቀው አያድግም፤ እግርና እጅ ሊገታተር ይችላል፤ ተቀምጦ የነበረ ልጅ መቀመጥ ሊያቅተው፣ «ማማ» ይል የነበረው ዝም ሊል ይችላል።

ከዚህ ሌላ ቫይረሱ አእምሮን በተዘዋዋሪ የሚጎዳባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፦

1. በበሽታና በምግብ እጥረት። ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ቲቢ፣ የደም ማነስ፣ የጆሮ ኢንፌክሽን። የታመመ ልጅ አይጫወትም፤ ያልተጫወተ ልጅ አይማርም።

2. በአሳዳጊው በኩል። እናት ከታመመች፣ ከሞተች ወይም በድባቴ ውስጥ ካለች ልጁን የሚያወራው ሰው ይጠፋል።

3. በመገለል። ይሄ በደም ምርመራ አይታይም። ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ጊዜው ለምን ያጣድፋል?

አፍሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለና እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ትንተና ነበር። በእናት በኩል ቫይረሱ ከተላለፈባቸውና መድኃኒት ካላገኙ ሕፃናት መካከል 35 በመቶው የመጀመሪያ ልደታቸውን ሳያዩ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል። በአዋቂ ላይ ቫይረሱ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቀመጥ ይችላል። በሕፃን ላይ ግን እንደዚያ አይታገስም።

ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኬፕታውንና በሶዌቶ አንድ ትልቅ ጥናት ተደረገ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ሳምንት የሆኑ፣ ጤነኛ የሚመስሉ ነገር ግን ቫይረሱ ያለባቸው ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን መድኃኒቱን ወዲያው ጀመረ፤ ሌላው በጊዜው በነበረው መመሪያ መሠረት ምልክት ወይም የሲዲ ፎር መውረድ እስኪታይ ተጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት ወዲያው መጀመር ሞትን በ76 በመቶ ቀነሰ። ከእነዚሁ ልጆች የተወሰኑት አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሲል እድገታቸው ሲፈተሽ ደግሞ ቀድመው የጀመሩት በእንቅስቃሴም በአጠቃላይ እድገትም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፣ የዘገዩትም ልጆች የቅርብ ክትትል ያልተለያቸው ነበሩ። ጥቂት ወራት መዘግየት ብቻ አእምሮ ላይ ልዩነት አመጣ።

ስለዚህ ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ሁሉ የሚከተሉትን ማግኘት አለበት፦

1. ከተወለደ ጀምሮ በሽሮፕ የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት። ለስንት ሳምንት እንደሚሰጥ ባለሙያው ይወስናል።

2. በ6ኛ ሳምንቱ ከተረከዙ በሚወሰድ ጠብታ ደም የዲ ኤን ኤ ፒ ሲ አር ምርመራ። የተለመደው የጣት ምርመራ በዚህ ዕድሜ አያገለግልም፤ የሚያሳየው ከእናቱ የተላለፈለትን ፀረ እንግዳ አካል ሊሆን ይችላልና።

3. ከ6ኛ ሳምንት ጀምሮ ኮትሪሞክሳዞል፣ ነጻ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ።

4. ጡት ካቆመ በኋላ የሚደረገው የመጨረሻ ምርመራ። ብዙዎች የሚጠፉት እዚህ ጋ ነው! የ6 ሳምንቱ ውጤት «ነጻ» ስላለ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ልጁ እየጠባ እስካለ ድረስ ግን አላለቀም።

ቫይረሱ ከተገኘበት ያው ቀን ወይም በቀናት ውስጥ መድኃኒት ይጀመራል። ዛሬ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ለሕፃናት ተብሎ የተሠራ ዶሉቴግራቪር አለ። ድሮ እናቶችን ያስለቅስ ከነበረው መራራ ሽሮፕ ጋር አይወዳደርም።

ልጁ ነጻ ከሆነስ?

መጀመሪያ የምስራቹን። ምንም ዓይነት መከላከያ ካልተደረገ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደችና ልጁ ክትትል ካለው ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱን በነጻ መስጠት ጀመረች፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ሲዲ ፎር ሳይጠበቅ መድኃኒቱን ጀምረው ዕድሜ ልካቸውን እንዲቀጥሉ ተደረገ። በዚህ ምክንያት ዛሬ ክሊኒካችን የሚመጡት አብዛኞቹ ሕፃናት ነጻ ሆነው የሚወጡ ናቸው።

ነጻ የወጣው ልጅ ግን ከዚያ በኋላ ከዓይናችን ይጠፋል። ኬፕታውን አጠገብ በድራከንስታይን አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ሁለት ዓመት የሞላቸውን ልጆች አወዳድሮ ነበር። ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ተወልደው ነጻ የሆኑት ልጆች፣ ቫይረሱ ከሌለባቸው እናቶች ከተወለዱት ይልቅ በቋንቋ የመዘግየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ በመረዳትም በመናገርም።

እባካችሁ ይህን አንብባችሁ አትደንግጡ። አብዛኞቹ እንደማንኛውም ልጅ ያድጋሉ። ለማለት የተፈለገው «ነጻ ነው» ተብሎ ካርዱ ሲዘጋ የእድገት ክትትሉ አብሮ መዘጋት የለበትም ነው።

«ጨዋ ልጅ ናት»

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ የተወሰኑ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

አንዲት ወጣት እናት 2 ዓመት ከ4 ወር የሆናትን ልጇን አዝላ ለቀጠሮ መጣች። ልጅቷ ቫይረሱ ያለባት ናት፤ መድኃኒቷን በሕፃንነቷ ጀምራለች። ካርዷ ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነው፦ ቫይራል ሎዷ አይታይም፣ ክብደቷ ጨምሯል፣ አንድም ቀጠሮ አላመለጠም።

«እንዴት ናት? ትጫወታለች?» አልኳት።

«ደህና ናት ዶክተር። ዝም ያለች ጨዋ ልጅ ናት፤ አታስቸግረኝም።»

«ምን ምን ትላለች? እማዬ ትላለች?»

ትንሽ አሰበች። «ስትፈልግ ትጠቁማለች። ትሰማለች እኮ፣ ሁሉንም ትሰማለች።»

«ከማን ጋር ትውላለች?»

«ከእኔ ጋር ነዋ። ውጪ አላወጣትም።»

«ለምን?»

ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ምን ሆና ነው መድኃኒት የምትወስደው ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ደግሞ ከሰው ልጅ ጋር ስትጫወት ብትቧጨርስ?» አለችኝ።

አያችሁ መገለል አእምሮ ላይ እንዴት እንደሚሠራ? ይህችን ልጅ ማንም አልሰደባትም። እናቷ ግን ስድቡን ፈርታ በሩን ዘጋችው። ልጅቷ የምትሰማው ወሬ የለም፤ የሚያባርራት፣ አሻንጉሊት የሚቀማት፣ የሚያስቃት እኩያ የለም። እናትየዋም ብቻዋን ናት፤ ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ ብዙ አያወራም። በእኛ ባህል ዝም ያለ ልጅ ይመሰገናል። የሁለት ዓመት ልጅ ዝም ካለ ግን ምስጋናውን ትተን «ለምን?» ማለት አለብን።

መጀመሪያ ያየነው ጆሮዋን ነው። ተደጋጋሚ የጆሮ ኢንፌክሽን ቫይረሱ ባለባቸው ልጆች ላይ የተለመደ ስለሆነና በደንብ የማይሰማ ልጅ አፉን ስለማይፈታ ማለት ነው። ጆሮዋ ደህና ነበር። የደም ማነስም አልነበረባትም። ስለዚህ ለእናትየዋ ሦስት ነገሮች ብቻ ሰጠኋት፦ ጠዋት ስትነሳ ፊት ለፊት ሆነሽ ስሟን ጠርተሽ ሰላም በያት፤ ቡና ስታፈይ የምታደርጊውን ሁሉ እየነገርሽ አሳያት፤ የምታምኛት ጎረቤት ካለች ልጇ በቀን ትንሽ እየመጣ አብሯት ይጫወት።

«በአማርኛ ላውራት?» ብላ ጠየቀችኝ። ቤታቸው የሚነገረው ካፊ ኖኖ ነው። መልሱ ቀላል ነው፦ አንቺ የምትስቂበትና የምትዘፍኝበት ቋንቋ ይበቃታል። የሕፃን አእምሮ የሚፈልገው ሞልቶ የሚፈስ ቋንቋ ነው፤ የትኛውም ይሁን። አማርኛው ሰፈርና ትምህርት ቤት ይደርሳል።

በሦስተኛው ወር ስትመጣ ልጅቷ ተአምር አላሳየችም። ሁለት ሦስት ቃላት ጀምራለች፤ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አንስታ ለእናቷ ሰጠችና መልሳ ተቀበለች። ለእኔ ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው። ሰጥቶ መቀበል የንግግር መጀመሪያ ነውና።

ይሄ ነገር በጥናት ተረጋግጧል ወይ?

አዎ፣ ደጋግሞ።

ሶዌቶ፣ ደቡብ አፍሪካ፦ ቫይረሱ ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት ተኩል በታች የሆነ 122 ልጆች በሁለት ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን አሳዳጊዎች በቤት የሚሠራ ቀላል የማጫወት መርሐ ግብር ተሰጣቸው፤ በየ3 ወሩ ለመደበኛ ቀጠሮ ሲመጡ ከልጁ ዕድሜ ጋር እየታየ ይታደስላቸዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ልጆች በአስተሳሰብም በእንቅስቃሴም ከሌሎቹ የተሻለ አደጉ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በየሦስት ወሩ ብቻ! ተጨማሪ ጉዞ የለም፣ ውድ አሻንጉሊት የለም።

ዩጋንዳ፦ በገጠር የሚኖሩ፣ ቫይረሱ ያለባቸው 120 ሕፃናት ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት ትኩረቱን ያደረገው አሳዳጊዎቹ ላይ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት፣ አንዴ ክሊኒክ አንዴ ቤት፣ ዕለታዊ ሥራን ማስተማሪያ የማድረግ ዘዴ ተማሩ፦ ልጁ የሚያየውን አብሮ ማየት፣ ስሙን መንገር፣ ሲሞክር ማመስገን። በዓመቱ የልጆቹ የአስተሳሰብ ችሎታ ጨመረ። የአሳዳጊዎቹ የድባቴ ምልክትም ቀነሰ።

ጅማ፦ ይሄ የጎረቤታችን ነው። የጅማ ተመራማሪዎች የልጅ እድገት መለኪያ የሆነውን ዴንቨር የተባለ የውጭ መሣሪያ ወስደው ከ1,500 በላይ በሆኑ የአካባቢው ጤነኛ ልጆች ላይ ሞክረው ለእኛ እንዲስማማ አደረጉት። ልጃችን አይቶት በማያውቀው ዕቃ ተፈትኖ «ዘገምተኛ» እንዳይባል ማለት ነው። ከዚያም በከፋ ድህነት ውስጥ የሚኖሩ ልጆችን በጨዋታ የማነቃቃት ሥራ በቤታቸው ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ውጤት በቋንቋና በማኅበራዊ ችሎታ መሻሻል ታየ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ሆስፒታል የተኙ ልጆች ላይ የሠሩትን አሳተሙ። እነዚህ የጅማ ጥናቶች በተለይ ኤች አይ ቪ ላይ ያተኮሩ አይደሉም፤ ነገር ግን በእኛ አገር ቤት፣ በእኛ አገር ዕቃ ማጫወት እንደሚሠራ አሳይተዋል።

ጃማይካ፦ ለረጅም ጊዜ ውጤት የሚጠቀሰው ይሄ ነው። በ1980ዎቹ የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ላይ በተደረገው ጥናት የተወሰኑት ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ቤታቸው በሚመጣ ባለሙያ አማካይነት ከእናታቸው ጋር እንዲጫወቱ ተደረገ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ ማነቃቂያውን ያገኙት ገቢያቸው ካላገኙት በ25 በመቶ ይበልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማዕቀፍ ለሕፃን እድገት የሚያስፈልጉትን አምስት ነገሮች ያስቀመጠውም በዚህ ዓይነት ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው፦ ጤና፣ በቂ ምግብ፣ ምላሽ የሚሰጥ እንክብካቤ፣ ደኅንነት፣ ቀድሞ የሚጀመር ትምህርት። የኤች አይ ቪ ክሊኒክ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ይሰጣል። ሦስቱ ያሉት ቤት ነው።

እሺ፣ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ከተወለደ እስከ 6 ወር፦ ስታጠቡት ዓይኑን እያያችሁ አውሩት። ድምፅ ሲያሰማ እናንተም መልሱለት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ተራ ስጡት። እሹሩሩ ያው የድሮው እሹሩሩ ነው፤ መድኃኒትነቱ አልቀነሰም። መድኃኒቱን በአግባቡ የምትወስድ እናት ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጡት ብቻ ታጠባለች፤ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየሰጠች ታጠባለች። እስከ መቼ እንደሆነ ከባለሙያዋ ጋር ትነጋገር።

ከ6 እስከ 12 ወር፦ ማንኪያና ክዳን ስጡት፣ ያንኳኳ። ክዳኑ በደንብ የታሸገ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በቆሎ አድርጋችሁ ያንቀጭቅል። ፊታችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ ግለጡ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋችሁ ልቀቁት፤ ቀኑን ሙሉ የታዘለ ልጅ ለመዳህ ዕድል አያገኝም። በነገራችን ላይ ማዘል ራሱ ጥሩ ነው፤ ገላ ለገላ ያገናኛል፤ አዝላችሁ ስትሄዱ ግን የምታዩትን ንገሩት።

ከ1 እስከ 2 ዓመት፦ የአካሉን ክፍሎች አስጠሩት። የጨርቅ ኳስ ሠርታችሁ ተቀባበሉ። «ስኒውን አምጣ»፣ «ጫማህ የት አለ?» በሉት። አንድ ቃል ሲል ሁለት አድርጋችሁ መልሱለት፤ «ውሃ» ካለ «ውሃ ጠማህ? ቀዝቃዛ ውሃ» በሉት።

ከ2 እስከ 3 ዓመት፦ ተረት ንገሩት። ጥሬ ለቀማ፣ ልብስ ማጣጠፍ፣ ባቄላና በቆሎ መለየት ላይ አብሮ ይሥራ፤ ወደ አፉ እንዳይከት አጠገቡ ሁናችሁ። እኩዮቹ ጋ ይውጣ።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልጨምር። በካፋም ሆነ በሌላው የደቡብ ምዕራብ አካባቢ ቆጮና ጎደሬ ሆድ ይሞላሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ትንሽ ነው። ለሕፃን ሲሰጥ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከባቄላ ወይም ከሽሮ ጋር ይሁን።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የምንሄደው?

ልጆች በተለያየ ፍጥነት ያድጋሉ፤ ስለዚህ ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደራችሁ አትጨነቁ። የሚከተሉትን ካያችሁ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ አሳዩ፦

1. በ3 ወሩ ፊት አይቶ ካልፈገገ ወይም ለድምፅ ምላሽ ካልሰጠ
2. በ9 ወሩ ሳይደገፍ ካልተቀመጠ
3. በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ ወይም በእጁ ካልጠቆመ
4. በ18 ወሩ ካልተራመደ ወይም አንድም ትርጉም ያለው ቃል ከሌለው
5. በ2 ዓመቱ ሁለት ቃላት ካላገናኘ
6. በየትኛውም ዕድሜ፣ ይችለው የነበረውን ነገር ካቆመ። ይሄ በተለይ ቫይረሱ ባለበት ልጅ ላይ አስቸኳይ ነው፤ መድኃኒቱ እየሠራ ላይሆን ይችላል።

እናትየዋን ማን ይያዝላት?

ልጁን አጫውቺ ብሎ መምከር ቀላል ነው። ለባሏ ያልነገረች፣ እንቅልፍ ያጣች፣ «ለልጄ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ» እያለች ራሷን የምትወቅስ እናት ግን ከየት አምጥታ ትዘፍናለች? ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሐዘን፣ ምንም ነገር አለማስደሰት፣ ተስፋ መቁረጥ ካለ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። ለሚከታተልሽ ባለሙያ ንገሪው። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ላይ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ እናቶች የሚደጋገፉበት ቡድን አለ፤ እዚያ የምታገኚያት እናት አንቺ የፈራሽውን መንገድ አልፋ የመጣች ናት።

አባቶችም! መጫወት የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። ማታ ሲገቡ አሥር ደቂቃ ልጁን ጭን ላይ አድርጎ ማውራት ማንንም አያደኸይም።

ከተማ ላላችሁት

«ይሄ የቦንጋ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» እንዳትሉ ሁለት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ በሩን የሚያዘጋው የእኛ አፍ ነው። ቫይረሱ አብሮ በመጫወት፣ በመተቃቀፍ፣ ከአንድ ሳህን በመብላት፣ በምራቅ ወይም በለቅሶ አይተላለፍም። ልጆች ሲጫወቱ በሚቧጨሩት መቧጨርም አይሰጋም። ግቢያችሁ ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ምን እንደሆነ አትጠይቁ፤ ልጃችሁን ልካችሁ አብሮት እንዲጫወት አድርጉ። ከዚህ የበለጠ እርዳታ የለም።

ሁለተኛ፣ ከተማ ውስጥም ዝም ያሉ ልጆች አሉ፤ እነሱን ዝም ያሰኛቸው ስልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ስልኩ ያወራለታል፤ ልጁ ሲናገር ግን አይመልስለትም።

ክትትል ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ክብደቱ ተለክቶ መድኃኒቱ ከተሰጣችሁ በኋላ ከወንበሩ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «እድገቱስ እንዴት ነው? እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ምን እናጫውተው?» ባለሙያው ቢቸኩልም ይመልስላችኋል። የጤና ባለሙያ ለሆናችሁ ጓደኞቼ ደግሞ፦ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስማችሁን ሳልጠቅስ እመልሳለሁ። ለአንዲት እናት ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ሼር አድርጉላት።

ቸር ያሰማን!